«አስቀያሚ ነኝ» ስትለኝ ምን ልበላት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ስደረድራቸው ግማሽ የሚሆኑት የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፣ ሴት ልጆችና መልካቸው፣ ሴት ልጆችና ስልካቸው። ስለዚ ዛሬ አምዱን በሙሉ ለነሱ ሰጥቼዋለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የላካችሁልኝ ትንሽ ታገሱኝ። ስም አልጻፍኩም፣ ልጆቹን ሊያስለይ የሚችል ነገርም ከደብዳቤዎቹ ላይ ቀንሻለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን። የ12 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ካምና ወዲህ ልጄ ተቀየረችብኝ። ሶፋ ላይ ስትቀመጥ ሁሌ ትራስ አንስታ ሆዷ ላይ ታደርጋለች፣ መጀመሪያ ብርድ ብርድ እያላት መስሎኝ ነበር። ፎቶ እንነሳ ስንል ወይ ከሰው ኋላ ትደበቃለች ወይ «እኔ ላንሳችሁ» ብላ ስልኩን ትቀበለናለች። ባለፈው ደግሞ ስልኬ ላይ ያሉትን የሷን ፎቶዎች በሙሉ አጥፍታቸው አገኘሁ፣ የልደቷን ሳይቀር። ምነው ልጄ ስላት «አስቀያሚ ነኝ፣ አይታይሽም እንዴ» አለችኝ። ቆንጆ ነሽ እኮ ስላት «አንቺ እናቴ ስለሆንሽ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። በየቀኑ ቆንጆ ነሽ እላታለሁ፣ ጭራሽ እየባሰባት ነው። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ትራሱ ጋ ስደርስ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። እኔም በሷ ዕድሜ ደብተሬን ሆዴ ላይ አጥብቄ ይዤ ነበር የምሄደው፣ ያኔ ደግሞ ስልክ የሚባል ነገር በእጃችን አልነበረም፣ የመጽሔት ሽፋንና ቴሌቪዥን ብቻ።

ያየሽው ነገር ልክ ነው፣ «ቆንጆ ነሽ» አይሰራም። ምን መሰለሽ፣ ነሽ አይደለሁም የሚለው ክርክር ውስጥ አብረሻት ስትገቢ መልኳ ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነው የሚለውን ሳታስቢው እየተቀበልሽላት ነው። ያልተስማማችሁት ውጤቱ ላይ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ውጤቱን የምትሰማው ካንቺ አይደለም፣ በቀን ሁለት ሶስት መቶ ፊት ከሚያልፍበት ስክሪን ነው፣ አንቺ አንድ ሰው ነሽ፣ ያውም እናት።

እስቲ በሷ ቦታ ሆነሽ እዪው። ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን መድረስ የምትጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመቷ ባለው ጊዜ ነው፣ እና የመጀመሪያዋ የወር አበባ ከመምጣቷ በፊት ሰውነቷ ስብ ማጠራቀሙ የተፈጥሮ ነው፣ ዳሌዋ፣ ጭኗ፣ ሆዷ ይሞላል፣ አንዳንዷ መጀመሪያ ወደ ጎን ትሰፋና ኋላ ላይ ትመዘዛለች። ሰውነቷ ሥራውን እየሠራ ነው በቃ። ልክ በዛው ሰሞን ግን ስልኳን በከፈተች ቁጥር የምታየው ሆዱ ልጥፍ ያለ፣ ቆዳው እንደ ብርጭቆ የሆነ ሰው ነው። ይሄ እንደሚመጣ፣ የሁሉም ሴት ልጅ ሰውነት በዚህ መንገድ እንደሚያልፍ ማንም ካልነገራት «እኔ ብቻ ምን ሆኜ ነው» ብትል አይፈረድባትም። ስለዚ የመጀመሪያው ነገር ይሄን ንገሪያት፣ በቀጥታ፣ ሳታፍሪ፣ የራስሽን ጊዜ እየጠቀስሽ።

ማወዳደሯንም እንደ ክፉ ጠባይ አትቁጠሪባት። ሊዮን ፌስቲንገር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 እንደጻፈው ሰው ራሱን የሚመዝንበት ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ ከሌላ ሰው ጋር ነው የሚያስተያየው። መልክ ደግሞ መለኪያ የለውም። ድሮ የሚያስተያዩት ከክፍል ልጅ፣ ከጎረቤት ልጅ፣ ከአክስት ልጅ ጋር ነበር፣ እነሱ ደግሞ ሲያስነጥሳቸው፣ ሲያለቅሱ፣ ከእንቅልፍ ሲነሱ ይታያሉ። አሁን የምታወዳድረው ሃምሳ ጊዜ ተነስቶ አንዱ ተመርጦ እሱም ከተስተካከለ ፎቶ ጋር ነው።

«ይሄ የልጆች ጣጣ ነው፣ ያልፋል» ለሚሉ ሰዎች ሁሌ የምነግራቸው የፊጂን ነገር ነው። ፊጂ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር ናት፣ በባህላቸው ሞላ ያለ ሰውነት ነበር የሚወደደው፣ ሰው ከሳ ሲባል ቤተሰቡ የሚጨነቅበት ቦታ። አን ቤከር የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ አንድ አካባቢ ላይ ቴሌቪዥን እንደገባ ወዲያው በ1995 የትምህርት ቤት ሴት ልጆችን ጠየቀች፣ ሶስት ዓመት ቆይታ በ1998 እንደገና ጠየቀች። አመጋገባቸው አሳሳቢ ደረጃ ላይ የደረሰው ልጆች ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ወጡ። ለመክሳት ብላ የበላችውን የምታስመልስ ልጅ በ1995 አንድም አልነበረችም፣ በ1998 ግን 11.3 በመቶ ሆኑ። ሶስት ዓመት ብቻ እህቴ! በቴሌቪዥን፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ በሚታይ፣ ማታ በሚጠፋ ቴሌቪዥን። የልጅሽ ስክሪን ኪሷ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፣ ምን ልበላት ላልሽው። «አስቀያሚ ነኝ» ስትልሽ አትከራከሪያት፣ «ዛሬ ምን አይተሽ ነው? እስቲ አሳዪኝ» በያት። አጠገቧ ቁጭ በይና አብራችሁ እዩ፣ ስልኩን ከእጇ ሳትነጥቂ። ከዛ ወሬው ስለሷ ሰውነት ሳይሆን ስለ ፎቶው ይሁን። ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው? ሆዷን ስባ ነው የቆመችው? ይሄ ቪዲዮ መጨረሻው ላይ የሚሸጥልን ነገር ምንድን ነው? እኔ የማውቃት አንዲት ልጅ እንደዚህ እያየች ሳለ የአንዷን ዳሌ አጠገብ ያለው የበር መቃን ቆልመም ብሎ አገኘችው። ፎቶው ሲስተካከል ወገቧን ወደ ውስጥ ሲጎትቱት በሩም አብሮ ተጎትቷል። ልጅቷ ከዛ ቀን በኋላ ፎቶ ስታይ መጀመሪያ የምታየው ከጀርባ ያለውን በርና ግድግዳ ነው። ያቺ አንዲት በር እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ከምለው በላይ ነው ያስተማረቻት።

ሌላው ያንቺ አፍ ነው፣ አትቀየሚኝ። መስታወት ፊት ቆመሽ «ኧረ እንዴት ወፍሬያለሁ፣ ይሄ ቀሚስ አስጠላብኝ» ትያለሽ? ሁላችንም እንላለን። ልጅሽ ግን ያንቺን ሰውነት እንደ ነገ ሰውነቷ ነው የምታየው፣ አንቺ ስትሰድቢው እሷ የራሷን ተራ እየጠበቀች ነው። ለአንድ ወር ብቻ ስለ ራስሽም ስለ ሰውም ውፍረትና ቅጥነት ቤት ውስጥ አታንሺ፣ ሞክሪው፣ ምን ያህል እንደምናወራው የሚታወቀው ስንተወው ነው።

እና ደግሞ ምን እንደምትሠራ፣ ምን እንደምትችል አውሪላት። በ1998 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ለየብቻቸው መስታወት ያለበት ክፍል አስገብተው ግማሾቹን የዋና ልብስ ግማሾቹን ሹራብ አስለበሷቸውና የሒሳብ ፈተና ሰጧቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ሴቶች ያነሰ ውጤት አመጡ፣ ወንዶቹ ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልመጣም። የሚያያቸው ሰው እንኳ አልነበረም! «እንዴት ሆኜ እታያለሁ» የሚለው ሐሳብ ብቻውን የአእምሮን ቦታ ይወስዳል። መልሱን እያወቀች ክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣ ልጅ፣ ሩጫ ትወድ የነበረች አሁን የስፖርት ክፍለ ጊዜ የምትቀር ልጅ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ትራሱን ግን አትንጠቂያት፣ ራሷ እስክታስቀምጠው ተያት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ 15 ዓመቴ ነው። ያለ ፊልተር ፖስት ማድረግ አልችልም። ስጀምረው ለጨዋታ ነበር፣ አሁን ካሜራው ፊልተር ሳይኖረው ሲከፈትብኝ ደንግጬ ነው የምዘጋው፣ በተለይ አፍንጫዬ። ሰዎች በአካል ሲያዩኝ ከፎቶዬ ጋር እያስተያዩኝ ይመስለኛል፣ ስለዚ ከጓደኞቼ ጋር መገናኘት እየተውኩ ነው። የሚመጡልኝ ቪዲዮዎች ደግሞ ሆድ በ7 ቀን ማጥፊያ፣ በቀን የምበላው ምናምን ነው፣ እኔ ሰርች አላደረኳቸውም። ችግሬ ምንድን ነው? ለቤተሰቦቼ የሚያስታውቅ ነገር እንዳያወጡብኝ እባኮት።

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አላወጣብሽም፣ አይዞሽ። ችግርሽ ምንድን ነው ላልሽው ደግሞ ያንቺ የምትዪው ችግር አብዛኛው የሌንስ ነው። የምሬን ነው፣ ቀልድ አይደለም። በ2018 የወጣ የሐኪሞች ጥናት ላይ እንደተሰላው ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት የተነሳ ሰልፊ ከ1 ሜትር ተኩል ከተነሳ ፎቶ ጋር ሲተያይ አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። አፍንጫሽ ከጆሮሽ ይልቅ ለካሜራው ስለሚቀርብ ነው፣ ለሌንስ የቀረበ ነገር ይገዝፋል። ማረጋገጥ ትችያለሽ፣ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፊውና ሁለት እርምጃ ራቂ፣ በሰዓት ቆጣሪው ተነሺ፣ ከዛ ፊትሽን ብቻ አጉልተሽ ከሰልፊው ጋር አስተያዪው። ሰው የሚያይሽ በዛኛው ፊት ነው፣ ማንም በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆሞ አያዋራሽም።

ፊልተሩ ደግሞ ፊትሽ ላይ ነጥቦች ይዞ ዓይንሽን ከፈት፣ አፍንጫሽን ጠበብ፣ አገጭሽን ሾል አድርጎ ቆዳሽን ያለሰልሰዋል፣ የሁሉንም ሰው ወደ አንድ ዓይነት ፊት ነው የሚወስደው። አንቺ በቀን ሃያ ጊዜ ያንን ፊት እያየሽ ለመድሽው፣ ከዛ የራስሽን ስታይ እንግዳ ሆነብሽ። አስቀያሚ መሆን አይደለም፣ ልማድ ነው፣ ዓይን ደግሞ ወደ ራሱም ተመልሶ ይለምዳል።

ሰርች አላደረኳቸውም ያልሽውን አምንሻለሁ። አልጎሪዝሙ፣ ማለት የትኛው ቪዲዮ እንደሚመጣልሽ የሚመርጠው ፕሮግራም፣ የጻፍሽውን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፣ ጣትሽ የት ጋ እንደቆመች፣ የትኛውን እስከ መጨረሻው እንዳየሽ፣ የትኛውን ደግመሽ እንዳየሽም ይቆጥራል። ጠልተሽውም ደንግጠሽም አፍጥጠሽ ብታዪው ለሱ ያው ወደሽዋል ነው። ይሄን ኩባንያዎቹም አያውቁም አይባልም፣ በ2021 የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ፌስቡክ የውስጥ ሰነዶቹ ሲወጡበት አንደኛው ላይ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ከተሰማቸው ታዳጊ ሴቶች 32 በመቶዎቹ ኢንስታግራም ስሜቱን እንዳባሰባቸው መናገራቸው ተጽፎ ነበር። ስለዚ ብቻሽን አይደለሽም፣ ደካማም አይደለሽም።

ምን አድርጊ መሰለሽ፣ እንደዛ ዓይነት ቪዲዮ ሲመጣ ሳታዪው ወዲያው ጫን አድርገሽ «አልፈልግም» የሚለውን ንኪው፣ ካየሻቸው በኋላ ሆድሽን የሚያስነኩሽን አካውንቶች አንፎሎ አድርጊ፣ ስእል የሚስሉ፣ የሚጨፍሩ፣ ኳስ የሚጫወቱ፣ ሳይንስ የሚያስረዱ፣ ብቻ አንቺ የምትወጂው ነገር ላይ ያሉ ሰዎችን ፈልጊ። ሰዓቱንም ቀንሺው። ካናዳ ውስጥ በ2023 የታተመ ጥናት ላይ ከ17 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 220 ተማሪዎች፣ ጭንቀት ወይ ድብርት ነገር ያላቸው፣ ገሚሶቹ ለሶስት ሳምንት ሶሻል ሚዲያን በቀን ወደ 60 ደቂቃ እንዲያወርዱ ተደረገ፣ እነዛኞቹ ስለ መልካቸውና ስለ ክብደታቸው ያላቸው ስሜት ተሻሻለ። ሶስት ሳምንት ነው፣ አንድ የፈተና ሰሞን አይሆንም። የሚከብድሽ ሁለት ሶስት ቀኑ ነው።

ከጓደኞችሽ ጋር መገናኘቱን ግን አሁኑኑ ጀምሪው፣ ደህና እስክሆን አትበይ። ከሁሉ የምታምኛትን አንዷን መርጠሽ «ያለ ፊልተር መታየት እየከበደኝ ነው» በያት። እኔ ከሚጽፉልኝ ልጆች ባየሁት እሷም አንድ የምትደብቀው ነገር አላት።

ጥያቄ፦ የሁለት ሴት ልጆች አባት ነኝ፣ ትልቋ 13 ትንሿ 6 ዓመቷ ነው። ስልክ ሙሉ በሙሉ ልከልክል? ትንሿ እንኳ በቀደም «ወፍራም ነኝ» ስትል ሰማኋት፣ እሷ ስልክ የላትም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ራስዎ መልሰውታል፣ ትንሿ ስልክ የላትም፣ ነገሩ ከስልክ ብቻ አይመጣም ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ2006 የታተመ ጥናት ከ5 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ 162 ሴት ልጆች የተለያየ ሥዕል ያለው ታሪክ አሳይቶ ነበር፣ ባርቢ የምትባለውን ቀጭን አሻንጉሊት ሥዕል ያዩት ሌላ ሥዕል ካዩት ይልቅ በሰውነታቸው መደሰታቸው ቀንሶ ቀጭን መሆንን ተመኙ። ባርቢ በ1959 ነው የወጣችው፣ አምራቹ ሌላ ዓይነት ቁመናም ያላቸውን የጨመረው በ2016 ነው። ስልኩን ማዘግየትም ጥሩ ነው፣ አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሶሻል ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች፣ የትልቋም ስልክ ማታ ከመኝታ ክፍሏ ውጭ ይደር። ግን ነጥቀው ዝም ካሉ ጓደኛዋ ስልክ ላይ ታየዋለች፣ ለእርስዎ ግን አትነግርዎትም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ለፍቅር ብላችሁ «ድብልብሌ»፣ «ዝሆኗ» የምትሉት የቁልምጫ ስም አለ? ወንድሟ፣ አጎቷ፣ እርስዎ? ካለ ዛሬ ይቁም። የአባት ቀልድ ከልጅ ጆሮ ቶሎ አይወጣም፣ 40 ዓመት የሞላቸው ሴቶች በአባታቸው ቃል እንዳለ እየጠቀሱ ይጽፉልኛል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው፣ ኤዲቲንግ ላይ ነኝ። ሰሞኑን አንዲት እናት የልጇን የትምህርት ቤት ፎቶ አምጥታ ፊቷን ቀጠን፣ ቆዳዋን ፈካ አድርግልኝ አለችኝ። ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው፣ አጠገቧ ቆማ ትሰማለች። ሠራሁት፣ ግን ከዛ ወዲህ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። «ይህ ፎቶ ተስተካክሏል» የሚል ጽሑፍ ቢኖርስ አይበቃም?

መልስ፦ እንቅልፍ መንሳቱ ጥሩ ልብ ስላለህ ነው። ጽሑፉን በተመለከተ ፈረንሳይ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የሞዴል ሰውነት ቀጥኖ ወይ ወፍሮ የተስተካከለበት የንግድ ፎቶ ላይ «የተስተካከለ ፎቶ» ተብሎ እንዲጻፍ አስገድዳለች፣ ኖርዌይም ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ለማስታወቂያ ተከፍሏቸው ፖስት የሚያደርጉትን ጨምሮ ምልክት እንዲያደርጉ ታዛለች። ሕጉ መኖሩን እደግፋለሁ፣ ቢያንስ ሠሪውን ያሳስበዋል። ተመልካቿ ላይ ግን ብዙ ጥናቶች ያገኙት ጽሑፉ ያን ያህል እንደማይረዳ ነው፣ ፎቶው ውሸት እንደሆነ እያወቀች እንኳ ራሷን ማወዳደሯን አትተውም። ማወቅ ሌላ፣ ዓይን ያየው ሌላ።

አንተ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ትችላለህ። የልጅ ፎቶ ላይ ብርሃኑን አስተካክል፣ የተበላሸ ጀርባ አጽዳ፣ ፊትና ቆዳ ግን አትንካ፣ እሱን ሥራህ አድርገው፣ «የልጆችን ፊት አንቀይርም» ብለህ ግድግዳው ላይ ለጥፈው። አንዳንድ ደንበኛ ቅር ይለዋል፣ ይበለው። እናትየዋን ለብቻዋ ብታገኛት ክፋት አስባ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ያቺ ልጅ ግን በ9 ዓመቷ አጠገብህ ቆማ ፊቷ እንደ ስህተት ሲታረም አይታለች፣ ዋናው ፎቶ ኮምፒውተርህ ላይ ካለ አትመህ ያለ ክፍያ ስጣቸው፣ ለልጅቷ በእጇ።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው፣ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ምሳ ትምህርት ቤት በላሁ ትላለች፣ እራት ላይ ጥቂት ቀምሳ ወዲያው መታጠቢያ ቤት ትገባና ውሃውን ከፍታ ትቆያለች። ሰፋ ሰፋ ያለ ልብስ ነው የምትለብሰው፣ ሁሌ ይበርዳታል። የወር አበባዋም ሁለት ወር ቀርቷል። ሰው ሁሉ «እንዴት አምሮብሻል፣ ቀጠን አልሽ» ይላታል። ልቆጣት?

መልስ፦ እህቴ፣ አትቆጪያት፣ ነገ ጠዋት ግን ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ፣ ቀጠሮ አታራዝሚ። የዘረዘርሻቸው ነገሮች፣ ምግብ መዝለሉ፣ ከበላች በኋላ መታጠቢያ ቤት መግባቱ፣ ብርዱ፣ የወር አበባው መቅረት፣ አንድ ላይ ሲመጡ የአመጋገብ ሕመም ምልክቶች ናቸው፣ ማስመለስ ልብን የሚያስተካክለውን የፖታሲየም መጠን ሊያዛባ ይችላል፣ ልብ ላይ አደጋ ያመጣል። ድንገት ራሷን ከሳተች ወይ ደረቷን ካመማት ጠዋትን አትጠብቂ፣ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ «ከስታለች» ብቻ ብለሽ አትመለሺ፣ ለኔ የጻፍሽውን አንድ በአንድ ንገሪው፣ የልብ ምቷንና ደሟን እንዲያዩላት፣ የአእምሮ ሐኪም ወይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋም እንዲልካችሁ ጠይቂ።

ለሷ ስትነግሪያት ስለ ክብደት አታንሺ። «ሲበርድሽ አያለሁ፣ ምግብ ሲያስጨንቅሽ አያለሁ፣ ፈርቻለሁ፣ አብረን እንሄዳለን» በያት። ትክዳለች፣ ትቆጣሽም ይሆናል፣ ሕመሙ እንደዛ ያስደርጋል፣ አንቺ ግን ውሳኔሽን አትለውጪ። ኋላ ማገገም ስትጀምር ደግሞ ዘመድ አዝማዱን አስቀድመሽ አስጠንቅቂልኝ፣ «አሁን ተመችቶሻል፣ ፊትሽ ሞላ» የሚለው ምርቃት በሷ ጆሮ «ወፈርሽ» ሆኖ ነው የሚገባው። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ጥሩ ውጤት ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ቤተሰቡ በባለሙያ እየተመራ ማዕዱን በኃላፊነት ይዞ አብሮ እየበላ የሚያበላበት ነው፣ ስለዚ የምትፈለጊው አንቺ ነሽ፣ ሥራ ቦታ ፈቃድ መጠየቅ ካለብሽ ከአሁኑ ጠይቂ። ሐኪሙ ያላችሁን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።